ቦዩን ማን ይጥረገው? የሰፈር መዋጮ፣ እድርና የሐዋሳ ሐይቅ

ከታቦር ሥር | ሚያዝያ 11፣ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። ሰሞኑን ሁለቱ ነገር አንድ ላይ መጥቶ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበት ቦይ 34 ቤቶችን ታኮ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ግንቡ ሁለት ቦታ ላይ ተንዷል፤ አንዱ ከላይ በኩል፣ ሁለተኛው መሐል ላይ። ግማሹ በደለል ተሞልቷል፣ የቀረውን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ይዞታል። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት ውኃው ቦዩን ጥሶ የታችኞቹ አምስት ቤቶች ውስጥ ገባ። የአንዷን ጎረቤቴን የጤፍ ጆንያ ከጭቃ ውስጥ አብረን ስንጎትት ስፌቱ ተተርትሮ ጤፉ እግራችን ሥር ፈሰሰ። ያን ዕለት ነው «የሚመጣው ክረምት ሳይገባ እናሠራዋለን» ብለን የተማማልነው።

ግንበኛ አስጠርተን አስገመትን። ከነጠረጋው 68,000 ብር አለ። ለ34 ቤት ሲካፈል 2,000 ብር ይደርሳል። እስከ ዛሬ የከፈሉት 19 ቤቶች ናቸው።

የእድሩንም ደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። መዋጮው በወር 100 ብር ነው፤ ከ34ቱ ቤት ውዝፍ ያለበት አንድም የለም። የማንኳኳው በር ያው ነው፣ የሚከፍተውም ሰው ያው ነው። ለእድሩ ስሄድ «ግባ፣ ቡና ደርሷል» ይሉኛል። ለቦዩ ስሄድ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ» ይሉኛል።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ለምን? ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ውስጥ «የቦዩን ያልከፈለ ሰው የእድሩንም አንቀበለው» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ልክ ነው ትላላችሁ? የሚመጣው እሑድ ስብሰባ አለን።


ጡረተኛው መምህር | ሚያዝያ 11፣ ማታ 4:05

ልጄ፣ እድርና ቦይን ጎን ለጎን ስታስቀምጥ የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል።

ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። እኔ ስጠቀምበት ላንተ ይቀንስብሃል ወይ? ያልከፈለውንስ ሰው ከጥቅሙ ማስቀረት ይቻላል ወይ? ለዳቦ ሁለቱም መልስ አዎ ነው። የበላሁትን አንተ አትበላውም፤ ካልከፈልክም ባለሱቁ አይሰጥህም። ለቦይህ ሁለቱም መልስ አይደለም ነው። ጎርፉ ከእኔ ደጅ መመለሱ ካንተ ደጅ መመለሱን አይቀንሰውም፤ ያልከፈለውን ቤት ለይቶ የሚገባ ጎርፍም የለም። ፐብሊክ ጉድ ወይም የሕዝብ ሸቀጥ ሲባል የሰማኸው ይኸው ነው። ኢኮኖሚስቱ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 በሒሳብ ሲያስቀምጠው ቁም ነገሩ ድምሩ ላይ ነበር። ዳቦ ስትገዛ ያንተን ጥቅም ብቻ ከዋጋው ጋር ታመዛዝናለህ። ቦዩን ለማሠራት ግን ከ68,000 ብሩ ጋር የሚመዘነው የ34ቱም ቤት ጥቅም ተደምሮ ነው። ችግሩ፣ እያንዳንዱ ሰው በየበሩ ሆኖ የሚመዝነው የራሱን ብቻ መሆኑ ነው። «ሌላው ከከፈለ ለእኔም ይደርሰኛል፤ ሌላው ካልከፈለ የእኔ 2,000 ብር ብቻውን ምን ያደርጋል?» ይላል። በሁለቱም በኩል መልሱ አለመክፈል ይሆናል።

እድር ለብቻው ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሐዘን ቤት ተቀምጦ የሚያመሸው ሰው ለአባል ነው። ያልከፈለን ማስቀረት ይቻላል። ጄምስ ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1965 የክበብ ሸቀጥ ብሎ የተነተነው ዓይነት ነው። ስለዚህ በጎረቤቶችህ አትዘን። ሰዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው በራቸው ላይ ይዘህላቸው የሄድከው ዕቃ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ግን ኢኮኖሚክስ ብቻውን አይመልሰውም።


የታችኛዋ ቤት | ሚያዝያ 11፣ ማታ 4:48

የጤፉ ጆንያ የእኔ ነው።

መምህር፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ የነገሩን ግማሽ ትተውታል። እርስዎ ያስረዱት ለምን ሰው እንደማይከፍል ነው። እኔ ደግሞ ቦዩን ማን እንደሞላው ልናገር። ከላይ ያሉ ቤቶች የዕቃ እጣቢውን ይደፉበታል። ፌስታሉን አስረው ማታ ማታ ይለቁታል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት የማኅበር ልጆች በየሳምንቱ በጋሪ ይመጣሉ፤ ለእነሱ የሚከፈለውን ብር ለማትረፍ ነው። ያተረፏትን ገንዘብ ነሐሴ ላይ የምከፍለው እኔ ነኝ። በፍራሽ፣ በጤፍ፣ በልጆቼ ደብተር እከፍላለሁ። አንዷ ልጄ ሚኒስትሪ ልትፈተን ነበር፤ ማስታወሻዋን ገጽ በገጽ ምጣድ ላይ ዘርግተን ነው ያደረቅነው።

2,000 ብሩ አልከበደኝም፤ መጀመሪያ የከፈልኩት እኔ ነኝ። የከበደኝ የእኔም የእነሱም «መዋጮ» መባሉ ነው። እኔ የምሰጠው መዋጮ ነው። እነሱ የሚሰጡት ካሳ ነው መባል ያለበት።


የላይኛው በር | ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 1:30

ካልከፈሉት አንዱ እኔ ነኝ። ተደብቄ ከምቀር ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

እትዬ፣ ለደረሰብዎት ከልቤ አዝናለሁ። እኔ ግን ቆሻሻ ጥዬ አላውቅም። ለጋሪ ልጆቹም በየወሩ እከፍላለሁ። ቤቴ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ እዚህ ሰፈር ስኖር ውኃ አንድ ቀን ደጄን አልረገጠም። ቦዩ ቢሠራ ለእኔ የሚጠቅመኝ መንገዱ ስለሚደርቅልኝ ነው፤ ከ300 ብር አይበልጥም። ለእርስዎ ምናልባት 10,000 ብር ያወጣል። ታዲያ ለምን እኩል 2,000? ይህን ብጠይቅ ኮሚቴው ስስታም አለኝ። ስሰማው አዝኜ ተውኩት።


ጡረተኛው መምህር | ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 3:15

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት ነው፤ ግን የተለያየ ነገር ነው የያዛችሁት።

የእትዬ ነገር ውጫዊ ወጪ ይባላል። አርተር ፒጉ እ.ኤ.አ. በ1920 በሰፊው ያብራራው ነው። ፌስታሉን የሚለቀው ሰው የሚያየው የራሱን ወጪ ነው፤ እሱም ዜሮ ነው። ማኅበረሰቡ የሚከፍለው ወጪ ደግሞ የእሱ ዜሮና የእርስዎ ፍራሽ ተደምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዋጋ ላይ የሚጽፍለት ስለሌለ፣ ልኩን አልፎ ይጥላል። የፒጉ መድኃኒት ልዩነቱን በግብር ወይም በቅጣት እላዩ ላይ መጫን ነው፤ እርስዎ «ካሳ» ያሉት ወደዚያው ይሄዳል። በሕጋችንም በካይ ይክፈል የሚለው መርሕ ከ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ጋር የመጣ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፌስታል ግን የባለቤቱን ስም ይዞ አይሄድም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

የላይኛው በር ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስስት አይደለም። ኤሪክ ሊንዳል የተባለ ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1919 ያቀረበው ሐሳብ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ለጋራው ነገር በሚያገኘው ጥቅም ልክ ይክፈል። ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን «ለእኔ 300 ብር ብቻ ነው የሚጠቅመኝ» ማለት ክፍያዬን ዝቅ የሚያደርግልኝ ከሆነ፣ ሁላችንም 300 እንላለን። አንተን አልጠረጠርኩም። ደንቡ እውነተኛውንና ውሸተኛውን የሚለይበት መንገድ የለውም ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን አስብበት ወንድሜ። የሕዝብ ሸቀጥ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመንገድ መብራት ላይ አሥር ሰው ቢያዋጣ አሥር አምፖል ይበራል። ቦይ እንዲያ አይደለም። 33 ቤት ፊት ለፊት ጠርቶ በአንዱ በር ላይ ከተደፈነ፣ ውኃው እዚያ ላይ ይገነፍላል። የቦዩ ጥራት የሚለካው በድምሩ ሳይሆን በደካማው ቦታ ነው። ጃክ ሂርሽሊፈር እ.ኤ.አ. በ1983 ደሴት ዙሪያ በሚሠራ የውኃ መከላከያ መስሎ ያስረዳው ነው። በዚህ ዓይነቱ ሸቀጥ ላይ ትንሽ የሚያዋጣው ሰው የሌላውን ሁሉ ልፋት ይዞ ይወርዳል። አንዱ የተናደው ግንብ ደግሞ፣ ጸሐፊው ካልተሳሳተ፣ ባንተ በኩል ነው።


ከታቦር ሥር | ሚያዝያ 12፣ ጠዋት 3:40

አልተሳሳትኩም። አንዱ ከላይኛው በር አጠገብ ነው የተናደው፣ ሁለተኛው መሐል ላይ።


ናዝሬት ያደግኩ | ሚያዝያ 12፣ ቀን 7:10

ከአዳማ ነው የምጽፈው። እዚህ ጎርፍ የዕለት ንግግራችን ነው፤ ከተማችን ጎድጓዳ ላይ ተቀምጣ ከዙሪያዋ ኮረብታ የሚወርደውን ትቀበላለች። ስለ ላይኛውና ታችኛው ስታነሡ ግን እኔ የታየኝ ቆቃ ነው።

የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ያለቀው፤ ከአዋሽ ላይ 43 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ። ሐይቁ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከላይ በሚመጣ ደለል ሲሞላ ኖሯል፤ ውኃ መያዝ የነበረበትን ቦታ አፈር ይዞታል። ይህ አፈር የመጣው ከአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ ማሳዎች ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ድልድይ ላይ አቁሞ የቀላውን ውኃ እያሳየኝ «ይኼ የሰው እርሻ ነው» ይለኝ ነበር።

ገበሬው እርከን ባለመሥራቱ ራሱም ይጎዳል፤ አፈሩ የራሱ ነው። ግን የሚጎዳው በከፊል ነው። እርከን ለመሥራት የሚያወጣው ጉልበት ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ጥቅሙ ግን ግማሹ እሱ ማሳ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ታች ወርዶ መብራት ይሆናል፣ መስኖ ይሆናል። ታች ያለነው ለዚያ ግማሽ አንድ ብር ከፍለነው አናውቅም። ስለዚህ የላይኛውን ሰው «ለምን አትጠነቀቅም» ብቻ ማለት አይበቃም። የሚጠነቀቅልን ከሆነ ድርሻችንን ልናደርስለት ይገባል። የላይኛው በር ግንቡን በእሱ በኩል ቢጠግን፣ ያ ሥራ ለታችኞቹ የሚሠራው መሆኑን ቆጥራችሁ ከ2,000 ብሩ ብትቀንሱለት ምን ይላችኋል?


የአሞራ ገደል ልጅ | ሚያዝያ 12፣ ማታ 2:25

ሁላችሁንም አንብቤ ጨረስኩ። ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ፦ ቦዩ ሲጠራ በውስጡ ያለው የት ይሄዳል?

አባቴ አስጋሪ ነበር። እኔም ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነው ያደግኩት፤ ዓሣ እየገፈፍኩ፣ አንጀቱን ለአባ ኮዳ ወፎች እየወረወርኩ። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ የከተማው ጎርፍ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው የሚሄደው ወደ ሰማይ ነው። ፌስታል ወደ ሰማይ አይሄድም። ሳሙና፣ የሞተር ዘይት፣ የቀለም ፍሳሽ ወደ ሰማይ አይሄድም። ወንዝ ዳር ያለ ከተማ የጣለውን ለሌላው ያሳልፋል። እኛ ግን የጣልነውን መልሰን ነው የምንበላው፤ ቆሮሶው ውስጥ፣ አምባዛው ውስጥ፣ ሾርባው ውስጥ።

እትዬ፣ ሐዘንዎ ገብቶኛል። ግን ቦዩን አጥርታችሁ ጎርፉ ሳይቆም እንዲወርድ ስታደርጉ፣ እስከ ዛሬ በርዎ ላይ ሲቆም የነበረው ቆሻሻ እኛ ጋ ይደርሳል። ለሐይቁ 34ታችሁም የላይኛው ቤት ናችሁ።

ሐይቁ ከቦዩ የሚለይበትም ነገር አለ፤ መምህር ካጠፋሁ ያርሙኝ። ቦዩን አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው አይቀንስም። ዓሣ ግን ይቀንሳል። አንዱ ቀዳዳው የጠበበ መረብ ጥሎ ያልደረሰውን ቆሮሶ ቢያወጣ፣ ዕንቁላል ሳይጥል የወጣው ዓሣ የሁላችንም የከርሞ ዓሣ ነው። ማስቀረት አይቻልም፣ ግን ይቀንሳል፤ ሁለቱ ክፉ ነገር አንድ ላይ ነው። አባቴ የሰፊውን መረብ ጥቅም አያጣውም ነበር። «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያወጣዋል» እያለ ነው ጠባቡን የጣለው። ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁትን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ክፉ ሰው አልነበረም።


ጡረተኛው መምህር | ሚያዝያ 12፣ ማታ 3:00

የሚታረም የለውም። የወል ሀብት የሚባለው እሱ ነው፤ የሕዝብ ሸቀጥ ታናሽ ወንድም ብትለው ይሆናል፣ ከታላቁ ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመችው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና፣ በዚሁ ጥናት ነው። ያሳየችው ነገር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የግጦሽ፣ የመስኖ፣ የዓሣ ተጠቃሚዎች መንግሥት ሳይጫናቸው፣ ሀብቱም ለግለሰብ ሳይሸጥ፣ ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለብዙ ትውልድ የጠበቁባቸው ቦታዎች አሉ። በእነዚያ ቦታዎች ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የሚቆጣጠረው ከራሳቸው መካከል ነው። ላጠፋ ሰው ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፤ በአንዴ አይባረርም።

ይህን የመጨረሻውን ለስብሰባው ያዘው ጸሐፊ።


ላቫጆ | ሚያዝያ 13፣ ጠዋት 4:00

የሞተር ዘይት ሲባል እኔን የነኩ መሰለኝ። በሌላ ሰፈር መኪና አጥባለሁ፤ ባጃጅም፣ ሚኒባስም። ፍሳሼ ቦይ ውስጥ ነው የሚገባው። አልክድም።

ዘይትና ጭቃ ማስቀሪያ ጉድጓድ ላስቆፍር አስቤ ነበር፤ ባለ ሦስት ክፍል፣ ዘይቱ ላይ የሚንሳፈፍበት፣ ውኃው ከሥር የሚያልፍበት። ወጪውን ስሰማ፣ በየወሩ ማስጠረጊያውም ሲጨመርበት፣ በእያንዳንዱ መኪና ላይ 20 ብር መጨመር እንዳለብኝ አሰላሁ። ከእኔ 200 ሜትር ርቆ ሌላ ላቫጆ አለ። 20 ብር ስጨምር ደንበኛዬ ወደ እሱ ይሄዳል፣ መኪናውም እዚያ ይታጠባል፣ ዘይቱም ያው ሐይቅ ይገባል። እኔ ከስሬ ሐይቁም አልዳነም።

ስለዚህ ቅጣት ሲባል ባለ ሥራ ሁሉ ይቃወማል አትበሉ። ሁላችንንም እኩል የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣ ነገ አስቆፍራለሁ። ብቻዬን ግን አልችልም። ሦስት ሠራተኛ አለኝ።


ከታቦር ሥር | ሚያዝያ 13፣ ጠዋት 4:30

ወንድሜ፣ እንዲህ ግልጽ ስላደረግክልን አመሰግናለሁ። የእኛም ቦይ ላይ አንድ ላቫጆ አለ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሮናልድ ኮዝ ተምረን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈውን። መብቱ የማን እንደሆነ ከታወቀ፣ መደራደሩም ብዙ ወጪ ከሌለው፣ ሁለቱ ወገኖች ራሳቸው ተስማምተው ጥሩውን መፍትሔ ያገኙታል ይላል። ከ34 ቤት ጋር መደራደር አድካሚ ነው። ከአንድ ላቫጆ ጋር ግን አንድ ማኪያቶ ይበቃል። እሞክረዋለሁ። የእኛው ጋ ሌላ ተፎካካሪ ላቫጆ ቅርብ የለም፤ ያንተ መከራ እሱ ላይ የለም።


የእድር ሰብሳቢ | ሚያዝያ 13፣ ማታ 1:50

እኔ ሌላ ሰፈር ያለ እድር ሰብሳቢ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ስትጽፉ ብጠብቅ ማንም ጠንከር አድርጎ አልመለሰውም።

ልጄ፣ እንዳታደርገው። እድር የሚያሠራው ማስቀረት ስለሚቻል ነው ብለዋል መምህሩ። በሒሳብ እውነት ነው። በሥራ ላይ ግን እስከ ዛሬ ውዝፍ አለበት ብዬ ሬሳ ደጅ ላይ ያስቀመጥኩበት ቀን የለም፤ አይደረግምም። ሰው እድር የሚከፍለው ሌላው ሲቀብረው ስላየ ነው። ቀብርን የቦይ መያዣ ያደረግክ ቀን፣ ነገ ደግሞ የመብራት መያዣ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ የምርጫ። ያን ጊዜ ሰው እድሩን ይፈራዋል እንጂ አያምነውም። ቦይ ቢናድ በሲሚንቶ ይጠገናል፤ እድር አንዴ ከተናደ ግን ምን ልታደርገው ነው? በዚያ ላይ ካልከፈሉት መካከል አቅም የሌለው አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል?

ማድረግ የምትችለውን ልንገርህ። በእድሩ ስብሰባ ላይ የከፈሉትን ስም አንብብ። የከፈሉትን ብቻ። ያልከፈለው ስሙን ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያ ይበቃዋል።


ተከራይዋ | ሚያዝያ 14፣ ቀን 6:20

እኔ ተከራይ ነኝ፤ በዚሁ ከተማ። ካልከፈሉት 15 ቤቶች ስንቱ የተከራየ ነው? ቦዩ ሲሠራ የቤቱ ዋጋ ይጨምራል፣ ጭማሪው ለአከራዬ ነው። ከዚያ ኪራይ ይጨምርብኛል። 2,000 ከፍዬ የራሴን ኪራይ ነው የማስወድደው። ለተከራይ ሰው በር ላይ ደብተር ይዛችሁ ስትመጡ ይህን አስቡት። ባለቤቱን ፈልጉት።


ከታቦር ሥር | ሚያዝያ 14፣ ቀን 6:45

እህቴ፣ አሁን ደብተሩን አየሁት። ስድስቱ ተከራይ ናቸው። ይህን ቆም ብዬ ያየሁት ገና አሁን ነው፤ ስለከሰስኳቸው ይቅርታ።


ከታቦር ሥር | ግንቦት 2፣ ማታ 2:15

የሆነውን ልንገራችሁ። ስብሰባው አራት ሰዓት ፈጀ።

የእድሩ ነገር ወድቋል። የእድር ሰብሳቢውን መልእክት ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳነብላቸው ያን ሐሳብ ያነሡት ሰውዬ ራሳቸው «ይቅር» አሉ። የከፈሉትን ስም ግን በእድሩ ቀን አነበብኩ። በሳምንቱ አራት ቤት መጣ።

የስድስቱን ቤት አከራዮች በስልክ አገኘናቸው፤ አምስቱ ላኩ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ ስልክ አያነሣም። ሦስት ቤቶች ገንዘብ ስለሌላቸው በጉልበት ይሁን ተባለ፤ በቀን 500 ብር ታስቦ፣ አራት አራት ቀን። የላይኛው በር፣ «ናዝሬት ያደግኩ» ባለው መሠረት፣ ግንቡን በራሱ ወጪ ጠገነ፤ ድንጋይና ሲሚንቶውን ሳየው ከ2,000 ብር ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «የደካማው ቦታ ነገር ነው» አለኝ። ባጠቃላይ 28 ቤት በገንዘብ፣ 3 ቤት በጉልበት፣ አንዱ በሥራ። ሁለት ቀረ፤ የአዲስ አበባው አከራይና አንድ ሌላ። የጎደለውን ከኮሚቴው ተቀማጭ ሸፈንን። ላቫጆው ጉድጓዱን ሊያስቆፍር ተስማማ፤ እኛ ቁፋሮውን በሰው ኃይል እናግዘዋለን፣ እሱ ግንባታውን ይችላል። ማን ለማን መክፈል ነበረበት ብላችሁ የምትከራከሩ ትኖራላችሁ። ክረምት እየመጣ ስለሆነ እኔ አልተከራከርኩም።

ያልተፈታው የአሞራ ገደል ልጅ ያነሣው ነው። ቦዩ ሐይቁ ከመድረሱ በፊት ቆሻሻ የሚይዝ የብረት ወንፊት እንድንተክል ተወሰነ። ግን ወንፊቱ ጠበብ ካለ ፌስታሉን ይይዛል፣ ጎርፍ ሲበዛም ይደፈንና ውኃው ወደ ታችኞቹ ቤቶች ይመለሳል። ሰፋ ካለ ቤቶቹ ይድናሉ፣ ቆሻሻው ሐይቅ ይገባል። የታችኛዋ እትዬ ስብሰባው ላይ ተነሥተው ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ «ጠባቡ ይሁን፣ ግን የሚጠርገው ሰው ይታወቅ» አሉ። ተራ አወጣን። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተረኛው ቤት ወጥቶ ወንፊቱን ያጸዳል፤ ሌሊትም ቢሆን።


የአሞራ ገደል ልጅ | ግንቦት 2፣ ማታ 3:30

እትዬን ከልቤ አመሰግናለሁ በልልኝ። ወንፊቱን ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉት፤ አናቱ ውኃው ወደሚሄድበት ጋደም ይበል። ቆሻሻው ተገፍቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውኃው ከሥር ያልፋል። ለመጥረግም በሬክ መሳብ ይቀላል። ፌስታሉ ራሱ ቢቀንስ ደግሞ ተራው ይቀልላችሁ ነበር፤ በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፣ ሱቆቹን በዚያ አነጋግሯቸው።


ጡረተኛው መምህር | ግንቦት 3፣ ጠዋት 2:00

ተራው እንዳይረሳ ፍራ ልጄ። ግንብ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ጠረጋ ግን በየዝናቡ እንደ አዲስ የሚዋጣ መዋጮ ነው። ሰው ሁሉ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ዛሬ ዝናቡ ቀላል ነው» ማለት ይችላል።


የታችኛዋ ቤት | ግንቦት 19፣ ጠዋት 1:10

ትናንት ሌሊት ነው የዘነበው፤ ከባድ ነበር። ተራው የላይኛው በር ነው። እኔ እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ደርሶ ነበር፤ ካፖርት ደርቦ በሬክ ይስባል። ወንፊቱ እንደተባለው ጋደም ብሏል። አንዱ ሲስብ ሌላው ጆንያ ሲይዝ ነበር የሚቀልለው፤ ስለዚህ ያዝኩለት። የጫማ ሶል፣ የዘይት ጀሪካን፣ ፌስታል፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የሞተ ድመት ወጣ። አራት ጆንያ ሞላ። ውኃው አንድ ጊዜ እስከ ደጄ ድንጋይ መጥቶ ተመለሰ። ቤት አልገባም።

ተራው የአንድ ሰው መሆን የለበትም፤ ሁለት ሁለት ቤት ይሁን፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ። ጸሐፊ፣ ይህን ለሚቀጥለው ስብሰባ ጻፍልኝ። ጆንያዎቹ አሁንም ደጄ ላይ ናቸው፤ የማኅበሩ ጋሪ ሐሙስ ነው የሚመጣው። የዛሬ ማታ ተረኛ 7ኛው ቤት ነው፤ ሬክና ባትሪው እኔ ጋ አለ።